ጋሽ ሚቅዳድ አውቶቡስ ያሳፈሩት ዓሣ

እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሐምሌ ላይ ነው። ጋሽ ሚቅዳድ የላስ ቬጋስን ፀሐይ ስለሚፈሩ በዕረፍት ቀናቸው ያለ ጥላ አይንቀሳቀሱም ነበር። በዚያን ቀን ጠዋት ግን ጥላም ትዝ አላላቸውም። ክዳኑ የተበሳሳና በፕላስተር የታሸገ ነጭ ባልዲ ታቅፈው ከዳውንታውን አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሹፌሩ ባልዲውን አየ፤ እሳቸውም ሹፌሩን አዩት፤ ቀድሞ ዐይኑን የመለሰው ሹፌሩ ነው።

ክፍት የነበረው ወንበር ሳሊሐ አጠገብ ነበር። ሳሊሐ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ገብታ የውሃ እንስሳትን ታጠናለች። ሰው ታከብራለች፤ ያመነችበትን ነገር ግን ንጉሥ ቢመጣ አትተውም። ብድግ ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ የባለቤታቸውን የእትዬ ሀጅራን ጤና ጠየቀች። ይህን ጊዜ ባልዲው ውስጥ አንድ ነገር ተንፈራገጠና ጉልበቷን በውሃ አራሰው።

ጋሽ ሚቅዳድ መደበቅ አያውቁበትም፤ ሁሉንም ዘረገፉት። ሐኪም እትዬ ሀጅራን ቀይ ሥጋ ከከለከላቸው ወዲህ፣ ምግባቸው ጋሽ ሚቅዳድ ከከተማው ፓርክ ኩሬ በመንጠቆ የሚያመጡላቸው ዓሣ ብቻ ነው። ያውም መዳፍ የማይሞላ። ስለዚህ ጭነት መኪና የሚነዳው ወዳጃቸው የሺዋስ፣ ከሚኒሶታ ክንድ የሚያህል ፓይክ የሚባል ዓሣ ከነሕይወቱ በበረዶ ሣጥን አመጣላቸው። ዓሣው ሁለት ቀን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰነበተ፤ እትዬ ሀጅራም ሁለት ቀን ገላቸውን ሳይታጠቡ ሰነበቱ። አሁን ኩሬው ውስጥ ሊለቁት ነው። ይራባል፣ ሀጅራም ትጠግባለች።

ሳሊሐ ብቻውን እንዴት እንደሚራባ በትሕትና ጠየቀች። እሳቸውም ሴት ሳትሆን አትቀርም፣ ሆዷን ያየ ያውቃል ብለው መለሱ።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር ቢቀርብዎት ይሻላል» አለች። «ደግሞም ያለ ፈቃድ መልቀቅ በሕግ ያስጠይቃል።»

ጋሽ ሚቅዳድ ተናደዱ። «ስሚ ልጄ፣ እኔ የወሎ ሐይቅ ልጅ ነኝ። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሰዎች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አምጥተው ሐይቃችን ውስጥ ለቀቁ። ያን ጊዜ ያጉረመረመው ሁሉ በኋላ ጣቱን እየላሰ በላ። እኔ ምን የተለየ ነገር አደረግሁ?»

እውነት ለመናገር ጥያቄው ቀላል አልነበረም፤ ሳሊሐም አልናቀችውም። ቆሮሶ ሙቀት የሚወድ፣ የውሃ ውስጥ አረንጓዴ ተክል የሚመገብ ዓሣ መሆኑን አስረዳቻቸው። ፓይክ ግን የብርድ አገር ዓሣ ነው፤ የሚበላውም ዓሣ ነው። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ስለሚያንስ ታፍኖ ይሞታል። «ከመሞቱ በፊት ግን የእትዬ ሀጅራን ምሳ ይጨርሰዋል» አለች።

«ይለምዳላ! እኔስ ከወሎ ደጋ መጥቼ እዚህ እሳት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ የለ?»

«እርስዎ ኤሲ አለዎት፣ ጋሼ።»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ የአገራችን ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋሽ ሚቅዳድ አሁንም አልተረቱም። በሞቃት አገር ግድቦች ፓይክና ዘመዱ መስኪ ይለቀቃሉ ሲባል ከየሺዋስ ሰምተዋል። ሳሊሐ እውነት ነው አለች፤ ግን ጥልቅ፣ ታቹ ቀዝቃዛ የሆነ ግድብ ተመርጦ ነው። ብዙ ጊዜም የሚለቀቀው የሁለቱ ድቅል፣ መውለድ የማይችለው ነው፤ ያውም ተቆጥሮ። ጉዳት ቢያመጣ ዘር ሳይተካ ያልቃል።

«የኩሬውን ዓሦችስ ማን ያመጣቸው ይመስልዎታል?»

«አላህ ነዋ።»

«አላህማ ነው፤ በዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት መኪና። በብርዱ ትራውት፣ በሙቀቱ አምባዛ፣ ወቅቱ እየታየ።»

ይህን ጋሽ ሚቅዳድ አያውቁም ነበር። ቢሆንም የመጨረሻ መከራከሪያቸውን አወጡ። እንዳይጣሉ ብለው ትናንት ከኩሬው የያዟቸውን አራት ትናንሽ ዓሦች ዛሬ ጠዋት ባልዲው ውስጥ አብረው ከተዋል፤ ካሁኑ ይላመዱ ብለው።

ሳሊሐ ባልዲውን አየች፤ እሳቸውንም አየች። «እስቲ ይክፈቱት» አለች በቀስታ።

ኩሬው ጋ ለመድረስ አንድ ፌርማታ ቀርቷል። ፕላስተሩን ላጡ። ጠዋት የጨመሩበት በረዶ ቀልጦ ውሃው ለብ ብሏል። ፓይኩ ያለከልካል፤ ሆዱ ጠዋት ካዩት ይልቅ ተነፍቷል፤ በአፉ ጥግ አንዲት ትንሽ ጭራ ትወራጫለች። ሌላ ዓሣ የለም።

«አራቱንም?» አሉ ጋሽ ሚቅዳድ።

«አራተኛው ገና እየሄደ ነው።»

የመውረጃውን ገመድ ሊስቡ ያነሡት እጃቸው ወረደ። አፈሩ፤ ከሁሉም በላይ ደነገጡ። «የሀጅራን ምግብ በገዛ እጄ ላስጨርስ ነበር» አሉ። አውቶቡሱ ኩሬውን አልፎ ሄደ።

ፓይኩ እሳት የነካው በዚያው ቀን ነው። እትዬ ሀጅራ ከመጀመሪያው ጉርሻ መርፌ የሚያካክሉ ሰባት አጥንቶች አውጥተው ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደሩና «ይህን ልታራባልኝ ነው መታጠቢያ የከለከልከኝ?» አሉ።

ደግነት ጥሩ ነው፤ ሳይጠይቁ ደግ መሆን ግን ባልዲ ሙሉ ጥፋት ያሳፍራል። በሳምንቱ ጋሽ ሚቅዳድ ከሳሊሐ ጋር ዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። አምባዛ የሚለቀቅበትን ቀን አወቁ፤ የኩሬውን ሙቀት የሚለኩ በጎ ፈቃደኛ ሆነውም ተመዘገቡ። በዚያው የሙቀት ወራት እትዬ ሀጅራ አጥንቱ በቀላሉ የሚለቅ፣ መዳፍ የሚሞላ አምባዛ በሉ።

ዛሬ ባልዲ ይዞ ወደ ኩሬው የሚመጣ ሰው ሲያዩ ጋሽ ሚቅዳድ ከጥላቸው ብድግ ይላሉ። አይቆጡም፤ ሕግም አይጠቅሱም። ክዳኑን እንዲከፍት በትሕትና ይለምኑትና፣ «ስንት ሆነው ተሳፈሩ? አሁንስ ስንት ናቸው?» ይሉታል።