ከወልድያ የገዛሁት ፕሮባዮቲክ

ልጄን የሆድ ድርቀት ይዟት የቤታችን ወሬ ሁሉ እሱ ሆኖ ከረመ። ፓፓያ ቢሉ፣ ውሃ ቢሉ፣ ልመና ቢሉ፣ ቁጣ ቢሉ፣ ወይ ፍንክች። ወልድያ ወስጄ ሳስመረምራት ፕሮባዮቲክ የሚባል ጠብታ ታዘዘላት። ገዛሁና ወደ መርሳ በሚመለስ ሚኒባስ ተሳፈርን።

«እማ፣ ብልቃጡ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አለችኝ።

«ሆድሽን የሚረዱ ባክቴሪያዎች።»

«ጀርም ናቸው?»

«ጥሩ ጀርም ናቸው።»

«ሞተዋል?»

«ኧረ በሕይወት አሉ።» ፋርማሲ የነገሩኝን ነው የነገርኳት።

ብልቃጡን እያየች፣ እያየች ሄደችና ሲሪንቃ ስንደርስ «እማ፣ ካካዬ መጣ» አለች። «ወራጅ አለ!» ብዬ እንዴት እንደጮህኩ እንጃ፣ ሾፌሩ ሰው የሞተ መስሎት ጥግ ያዘ።

ከቁጥቋጦው ጀርባ ስንመለስ ፊቴ አሳብቆብኝ ነው መሰለኝ፣ ተሳፋሪው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ከኋላችን ተቀምጠው ወሬያችንን ሲሰሙ የነበሩ አዛውንት ጎንበስ አሉ።

«ማሻአላህ! የኔም የልጅ ልጅ ሆዱ ደርቆ ቤቱ ሁሉ ተጨንቋል። የመድኃኒቱን ስም ንገሪኝ እስቲ፣ ልጄ።»

«ኧረ አባባ፣ መድኃኒቱ እኮ ገና አልተከፈተም» ብዬ ብልቃጡን ከነካርቶኑ ሰጠኋቸው።

አገላብጠው እሽጉን አዩት። ካርቶኑን ዘጉና በጥንቃቄ መለሱልኝ።

«እንግዲያው እንዳትከፍችው» አሉ። «ነገ እንዳለ አውሺኝ፣ የኛም ልጅ ይየው።»