መኳንንት ወይስ ማረሻ

(ወይዘሮ የሻረግ የክርስትናውን ድግስ ለጎረቤት ሴቶች ትተው ወደ ምራታቸው ወደ አንጓች የአራስ አልጋ መጥተዋል፤ ወንዱ ሕፃን ተኝቷል፤ አርባ ቀኑ የሚሞላው ከነገ ወዲያ፣ እሑድ ነው።)

የሻረግ፦ እስቲ ድገሚው። ጌሾ ስወቅጥ ጆሮዬ ደንቁሮ እንደሆነ ልወቅ።

አንጓች፦ ማረሻ ነው ያልኩዎት፣ እሜቴ።

የሻረግ፦ የልጁን ስም ነው የጠየቅሁሽ። ከቤት ምን ዕቃ ጠፋ አላልኩሽም።

አንጓች፦ እኔም የነገርኩዎት የልጁን ስም ነው።

የሻረግ፦ ማረሻ። የሚቀጥለውን ቀንበር ትዪዋለሽ፤ ሴት ከመጣች ደግሞ ሞፈር። ከዚያ እናትና ልጅ ጠምደን እናርስባችኋለን።

አንጓች፦ መጠመዱስ ለእኔ ምን አዲስ ነገር አለው? ዘጠኝ ዓመቴ።

የሻረግ፦ አፍሽ ከወለድሽ ወዲህ ተስሏል።

አንጓች፦ ብረት ከሚሳልበት ቤት አይደል የመጣሁት።

የሻረግ፦ ቀስ በይ። ጓዳ ሰው አለ። የመንደሩ ሴት ሁሉ ሽንኩርት እየላጠ ነው።

አንጓች፦ የቀጥቃጭ ልጅ መሆኔን ሽንኩርት ላጮቹ አያውቁም ብለው ነው?

የሻረግ፦ ማወቅ ሌላ፣ መናገር ሌላ። ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ቢናገር ማን ከማን ጋር ቡና ይጠጣ ነበር? እኔ ያን ጊዜ አባቷ ሞቷል አልኩ፤ እነሱም ነፍሱን ይማር አሉ። አለቀ።

አንጓች፦ አባቴ ግን አለ። ከወንዙ ማዶ፣ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ወናፉን እየነፋ።

የሻረግ፦ ይንፋ። እኔ አትንፋ አልኩት? እዚያው ማዶ ይንፋ።

አንጓች፦ ታዲያ ስሙ ምን አደረገዎት?

የሻረግ፦ ስሚኝ። የክርስትና ስሙን ቄሱ ያወጣሉ፤ የቤት ስሙን አያት ታወጣለች። በዚህ ቤት ወጉ ይኼ ነው። ታላቋን እመቤት አልኳት፣ ታናሿን ንግሥት አልኳት። ይኼን ደግሞ ገና በሆድሽ ሳለ መኳንንት ብየዋለሁ።

አንጓች፦ እመቤትና ንግሥት ከጓሮ ኩበት እየለቀሙ ነው። አንድ መኳንንት ከተጨመረማ ማገዶ አይቸግረንም።

የሻረግ፦ ቀልጂ። የዚህ ቤት አያት ግራዝማች ነበሩ።

አንጓች፦ ሰምቻለሁ። ምን እንደሠሩ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

የሻረግ፦ ግራዝማች ምን ይሠራል? ግራዝማች ይሆናል እንጂ።

አንጓች፦ እንግዲህ ልጄ የሚሠራ ስም ይኑረው።

የሻረግ፦ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የትኛው መልአክ ነው ከሰማይ ወርዶ ማረሻ በሉት ያለሽ? ሰው ማረሻን ከግድግዳ ያስደግፋል እንጂ ጡት አያጠባም።

አንጓች፦ መሬቱን በምን ያርሱታል? በግራዝማቹ?

የሻረግ፦ በማረሻ ነዋ። ከገበያ ገዝቼ።

አንጓች፦ ከማን?

የሻረግ፦ ከገበያ አልኩሽ።

አንጓች፦ ገበያ ብረት አይቀጠቅጥም፣ እሜቴ። የሚቀጠቅጠው ሰውዬ ፈጠነ ይባላል፤ እኔን የወለደ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች አሉ።

የሻረግ፦ በቅሎዋ ብልህ ናት። አህያ ነው ብላ ቢሆን ማን ኮርቻ ይጭንባት ነበር?

አንጓች፦ ኮርቻ መጫኑን እንደ ሹመት ቆጠሩት?

የሻረግ፦ ለአንቺ ዓይነቷ ሹመት ነበር። ልጄ ሞላልኝ ገበያ አይቶሽ ልቡ ጠፋ፤ እኔም የልጄን ልብ ልመልስ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁን ግን አንቺ ዓይን የምታስገልጭ ስም ይዘሽ መጣሽ። ማረሻ የሚባል ሕፃን የሰማ ሰው ከየት መጣ ይላል። ከየት መጣ ያለ ደግሞ ክሩን ይዞ ሲስብ ሲስብ ወናፉ ላይ ይደርሳል። እሑድ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ ረሳሽው እንዴ? ያን የአባትሽን ተዝካር የበላ ሁሉ ነው።

አንጓች፦ እንዴት እረሳለሁ? የቁም ተዝካር ያበላ ሰው አውቃለሁ፤ ለራሱ ነው። ባለቤቱ ሳይሰማ የቁም ተዝካር የወጣለት ግን አባቴ ብቻ ነው።

የሻረግ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ጎረቤት፣ ለምራቷ አባት ጠላ እንኳ አልጠመቀችም እያለ ሲያማኝ ዝም ልበል? የሻረግ ለሞተ ሰው በሬ ሰሰተች ልባል?

አንጓች፦ አልሞተም እኮ።

የሻረግ፦ ለዚያ ነው በሬ የጣልኩት። የሞተ ቢሆን በግ ይበቃው ነበር።

አንጓች፦ እኔን ነጠላ አዘቅዝቀው ከመሐል አስቀመጡኝ። ሰው እየገባ፣ እግዜር ያጥናሽ ሲለኝ አለቀስኩ። የውሸት እንዳይመስልዎት። አባቴን ከነሕይወቱ እየቀበርኩት እንደሆነ አውቄ ነው ያለቀስኩት።

የሻረግ፦ አምሮብሽም ነበር። እንደዚያ ቀን ይኼ አገር ወዶሽ አያውቅም።

አንጓች፦ በሬው የታረደበትን ካራ ማን እንደሳለው ያውቃሉ?

የሻረግ፦ ካራ ካራ ነው።

አንጓች፦ ሟቹ ነው። ሞላልኝ ይዞለት ሄደ። ለምንድን ነው ቢለው፣ ለድግስ አለው። እንግዲያው ልጄ እንዳታፍርበት ብሎ ሁለቴ ሳለው።

የሻረግ፦ ...እዚያ ውሰድ ብዬ አልላክሁትም።

አንጓች፦ ከዚያ ወዲህ ገበያ ሳየው አልፈዋለሁ። እሱም አይጠራኝም። ያዋረደኝ ይመስለዋል። ናፍቆኛል፣ እሜቴ። እሑድ ከዚህ ቤት ገብቶ የልጅ ልጁን ሲያቅፍ ማየት እፈልጋለሁ።

የሻረግ፦ ማን? ፈጠነ? በየትኛው እግሩ?

አንጓች፦ ተዝካሩ ከተበላ ወዲህ እግሩ ደህና ነው።

የሻረግ፦ ካህናቱ ስሙን እየጠሩ ፍትሐት የፈቱለት ሰውዬ ከፊታቸው ቁጭ ብሎ ጠላ ሲጠጣ ምን እላለሁ?

አንጓች፦ ጸሎታችሁ ደረሰ ይበሏቸው።

የሻረግ፦ ሕፃኑስ? ገና ክርስትና ሳይነሣ የቀጥቃጭ ዓይን ያርፍበት?

አንጓች፦ በዚያ ዓይን ሥር ነው ያደግሁት። እዚያ ወፍራም ነበርኩ፤ የከሳሁት እዚህ ነው።

የሻረግ፦ ቡዳ የራሱን አይበላማ።

አንጓች፦ ይኼም የራሱ ነው።

የሻረግ፦ ይኼ የእኔ ነው! ...አታስነሺብኝ፣ እንዳይነቃ። ከአንቺ ጋር አፍ አልካፈትም። ሞላልኝ ይምጣ፤ የተናገርሽውን ከነትፋቱ እነግረዋለሁ። ልጄ እናቱን ያውቃል። ዛሬ ማታ ይኼ ልጅ መኳንንት ተብሎ ያድራል፣ አንቺም የመጣሽበትን መንገድ ታስታውሺዋለሽ።

አንጓች፦ ይንገሩት።

የሻረግ፦ ደግሞ የት ቀረ? በግ ላምጣ ብሎ ከወጣ ስንት ሰዓቱ ነው?

አንጓች፦ በጉማ ከትናንት ጀምሮ ጓሮ ታስሮ ይጮኻል።

የሻረግ፦ ታዲያ ወዴት ሄደ?

አንጓች፦ ያለፈው ሰኔ እርሻችን ለምን እንደዘገየ ያስታውሳሉ?

የሻረግ፦ በሬው ታሞ። ምን አገናኘው?

አንጓች፦ በሬው አልታመመም።

የሻረግ፦ ኮሶ በጥብጬ አጠጥቼዋለሁ እኮ፣ በእጄ።

አንጓች፦ ጤነኛ ስለነበረ አልገደለውም። የተሰበረው ማረሻው ነው። ሞላልኝ ወደ አባቴ ይዞት ሄደ። አባቴ አየውና፣ ጌታው፣ ሌላ ፈልግ፤ የእኔ ተዝካር ወጥቷል፣ ሙት ብረት አይቀጠቅጥም አለው።

የሻረግ፦ ኧረ አፈር ይብላ። ጭራሽ ቀጥቃጭ ይኮራ ጀመር?

አንጓች፦ ሌሎቹ ቀጥቃጮች ዘመዶቹ ናቸው፤ እነሱም እሳታቸውን አዳፈኑበት። መሬቱ ዝናብ ጠግቦ ሲጠብቅ ልጅዎ ጧት ጧት እየሄደ ከአባቴ ደጅ ይቀመጥ ነበር። ማታ ሲመጣ ለእርስዎ፣ በሬው አልተሻለውም ይላል።

የሻረግ፦ የግራዝማች የልጅ ልጅ ከቀጥቃጭ ደጅ?

አንጓች፦ በመጨረሻ በሐሙስ ገበያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ልጅዎ፣ አባቴ፣ ይቅር በለኝ አለው። ያን ጊዜ ነው ወናፉ የተነፋው።

የሻረግ፦ አባቴ አለው? ለአንድ ብረት ብሎ?

አንጓች፦ ብረቱን ይኸው እየበላነው ነው። ለእሑድ ያስፈጩት ጤፍ ከየት የመጣ መሰለዎት?

የሻረግ፦ አሁን የት ነው ልጄ? በግልጽ ንገሪኝ።

አንጓች፦ ፈረሱን ጭኖ አባቴን ሊያመጣ ሄዷል።

የሻረግ፦ በእኔ ፈረስ ላይ ቀጥቃጭ ሊወጣ?

አንጓች፦ እርካቡንም የሠራው እሱ ነው። እግሩ አይጠፋበትም።

የሻረግ፦ አንቺ ነሽ። ይኼ ሁሉ የአንቺ ሥራ ነው። ዘጠኝ ዓመት አንገትሽን ደፍተሽ ቆየሽና ወንድ ስትወልጂ ቀንድ አወጣሽ። ልጄን አዞረሽው፣ አደነገዝሽው፣ በልጁ ላይ የወናፍ ጥላሸት እንዲቀባ አደረግሽው። እሺ፤ ይሁን። ከመጣ አልመልሰውም። አባትሽ ይግባ። በጓሮ በር፣ ሲመሽ፣ ሰው ሳያየው ይግባ። ከጓዳ ተቀምጦ ይብላ፣ ልጁንም አንድ ጊዜ ይቀፈው። ስሙን ግን ተይልኝ። መኳንንት ይሁን። የሻረግ በዕድሜዋ ለማንም ይኼን ያህል ወርዳ አታውቅም፤ ለቀጥቃጭ ልጅ ወረድኩ። ስሙን ቀይሪው።

አንጓች፦ እኔን አይለምኑኝ፣ እሜቴ። ስሙን ያወጣው ልጅዎ ነው። እኔማ ከእርስዎ ጋር ኖሬ ኖሬ፣ ኧረ ሰው ምን ይለናል፣ መኳንንት ይሁን እያልኩ እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜው ነበር።