የሚበቅልና የሚበቀል

ያምሮት ከቡሬ ወጣ ብላ በሞተር ስታልፍ፣ መሪጌታ ላቀው መስክ ላይ ከዋርካ ሥር በወደቀው በሬያቸው አንገት ላይ ቢላዋ ሲደግኑ አየች። ሞተሯን ጥላ ሮጠች።

«መሪጌታ፣ ስለ ማርያም! እንዳያርዱት!»

«የከብት ሐኪሟ! ደግ ሰዓት መጣሽ። ጠዋት ሲግጥ የነበረ በሬ ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ነፍሱ ሳትወጣ ልባርከው፤ ጎረቤት ሥጋውን ይካፈል።»

«አባ ሰንጋ ነው! እርስዎንም ጎረቤቱንም ይጨርሳል።»

«እንቀቅለዋለና! እሳት የማይገድለው ምን አለ?»

ያምሮት ቱግ አለች፤ በእሳቸው ግን አልነበረም። ከእሷ በፊት የመጣው ባለሙያ ሁሉ «አትንኩ» ብሎ አዝዞ ሄዷል። ዕድሜውን ሰምና ወርቅ ሲፈታ ለኖረ ሰው ምክንያቱን መንፈግ ንቀት እንጂ ትምህርት አይደለም!

«መሪጌታ፣ ጎተራ ያለ ገብስ ሞቷል?»

«ተኝቷል እንጂ። ውሃ ሲያገኝ ብቅል ይሆናል።»

«አባ ሰንጋን የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ በዓይን የማይታየው ተሐዋሲም እንዲሁ ነው። የታረደው ከብት ደም አየር ሲያገኘው፣ ተሐዋሲው ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ አፈር ውስጥ ይተኛል። ለዘመናት! መቀቀልም ላይገድለው ይችላል።»

«ገብሱንስ ውሃ ቀሰቀሰው። ይህን ማን ይቀሰቅሰዋል?» አሉ፣ የቅኔ ተማሪ እንደሚያፋጥጡ።

ያምሮት በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። «ይችን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርሁ! ውሃ ብቻውን አይቀሰቅሰውም። ከቅርፊቱ ሥር እንደ ምላስ የሚቀምስ ነገር አለው። በሬው ሣሩን ከነአፈሩ ሲግጥ ተሐዋሲው አብሮ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል። እዚያ አሚኖ አሲድ የሚባሉትን፣ ሥጋ የሚገነባባቸውን ንጥረ ነገሮች ይቀምሳል። ‹ቤቴ ደረስሁ› ይላል! ያን ጊዜ ውሃ ይጠጣል፣ ቅርፊቱን ይጥላል፣ ይራባል። ለመሆኑ እዚህ መስክ ላይ የታመመ ከብት ታርዶ ያውቃል?»

የመሪጌታ ፊት ተለወጠ። «የአባቴ ላም… እኔ ገና ዲያቆን ሳለሁ። ከዚችው ዋርካ ሥር።»

በሬው ተንፈራግጦ ጸጥ አለ። ካፍንጫው ጥቁር፣ የማይረጋ ደም ፈሰሰ።

ጎረቤታቸው ዘሩ ጠጋ አለ። «ቆዳው እንኳ አይቅርብዎ፤ ልግፈፈው?»

«ዘሩ!» ብለው ጮሁ መሪጌታ፣ ቢላዋቸውን ወደ አፎቱ እየመለሱ። «ዘሩን አትዝራ! የተዘራ ይበቅላል፤ የበቀለም ይበቀላል!»

ያምሮት ሳቀች። «እኔ በብዙ ቃል የለፋሁበትን በሁለት ጨረሱት!»

ሳይከፍቱት፣ ከወራጅ ውሃ ርቀው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት፤ በእሾህ አጠሩት። የቀሩት ከብቶች ተከተቡ። ከሰፈሩ አንድም ሰው አልታመመም፣ ሌላ ከብትም አልሞተም። ክረምት ሲገባ የመሪጌታ ቀሪ በሬ ከዘሩ በሬ ጋር ተቀናጅቶ አረሰ። «አትንኩ» የሚል ትእዛዝ ዓመታት ያቃተውን፣ ለ«ለምን» የተሰጠ መልስ በአንድ ቀን ሠራው።