የሬድዋን ጎማዎች

ወልቂጤ ላይ የስኬቲንግ ውድድር ነበረን። ከጣውላው መወጣጫ አናት ተነስቶ በብረት ቱቦ ላይ ተንሸራትቶ መውረድ ነው። ተራዬ ደርሶ ቁልቁል ሳይ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ፈራሁ ማለት አቃተኝና ሁሉም እንዲሰማ፣ “የኔ ጎማ ለስላሳ ነው፣ ብረቱን ይይዛል። ለዚህ ጠንካራው ፕላስቲክ ነበር የሚሻለው” አልኩ። እውነቴን ነው፤ ያስቆመኝ ግን እሱ አልነበረም። ከእኔ ቀጥሎ ተራውን የሚጠብቀው የቡታጅራው ልጅ ሬድዋን፣ “አብሽር፣ የኔን ውሰድ” ብሎ ቁጭ አለና ጫማውን አውልቆ የራሱን ጎማዎች ፈትቶ ጫማዬ ላይ ገጠመልኝ። ዳኛው፣ “አንዴ ብቻ ነው የምጠብቀው” አለ።

እንደገና አናቱ ላይ ቆምኩ። አሁን የማመካኝበት ነገር የለም። ሬድዋን ጠጋ ብሎ፣ “ፈርተህ ነው እንዴ?” አለኝ በቀስታ። “አዎ” አልኩት። “ታዲያ ምን ችግር አለው? መጀመሪያውኑ ብትነግረኝ እኮ...” አለ። በመሰላሉ ወረድኩ። ጎማዎቹን ልመልስለት ብሎኑን ስታገል ዳኛው ስሙን ጠራ። ሬድዋን በካልሲው እንደቆመ እጁን አወጣና፣ “እኔ ዛሬ አልወርድም፣ ቀጣዩን ጥራ” አለ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።