ለወንድ ሐኪም አላሳይም
ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ የጎረቤታቸውን ልጅ አገኟት።
«ሲስተር፣ እንኳን ተመረቅሽ።»
«ሲስተር አይበሉኝ፣ አባባ። የመውጫ ፈተናውን ወድቄያለሁ።»
«በጋዋን የተነሳሽውን ፎቶ ባለቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች እኮ።»
«ጋዋኑን ሁላችንም እንለብሳለን፤ ዲግሪው ላለፈ ብቻ ነው።»
«እሷ ደግሞ ጡቷ ላይ ያበጠውን ለወንድ ሐኪም አላሳይም፣ የኛዋ ልጅ ትመረቅልኝ ብላ ስትጠብቅሽ ከረመች።»
«እስካሁን አልታከሙም?»
«እምቢ አለችኝ። ዲግሪው ቢቀር ዓይን አለሽ አይደል፣ መጥተሽ እያት።»
«ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፣ አባባ። ቆስሏል?»
«መቁሰሉንማ ቆስሏል። እጇን ማንሳት ካቃታት ሰነበተች።»

እኔ የጸሎት መጽሐፌን እንደከፈትኩት፣ አንድ መስመር ሳላነብ ዳንግላ ደረስን።