የማዳጋስካሯ ተማሪና የአቃቂ ቆስጣ

በመጋቢት ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሳሪስ ሄጄ የወገብ መድኃኒቴን ገዝቼ ስመለስ፣ ቃሊቲ መጨረሻው የባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ሃንታን ተቀምጣ አገኘኋት። የበረዶ ሳጥኗን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣዋለች። ክዳኑን ከፈት አድርጌ አየሁ፤ አሥራ ሁለቱም ጠርሙሶች ባዶ ናቸው። በዚያ ሰዓት ሞልተው ወደ ላቦራቶሪ መጓዝ ነበረባቸው።

ሃንታ የማዳጋስካር ልጅ ናት፤ መልኳ ግን ወደ እስያ ሰዎች ያደላል። አዲስ አበባ የመጣችው በአካባቢ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመሥራት ነው። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት በውሃ ላቦራቶሪ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ናሙና አወሳሰድ ላይ እንዳግዛት መምህሯ ስለጠየቀኝ እንተዋወቃለን።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ጋሽ ሰይፉ በር ዘጉብኝ» አለች በዝግታ፤ አማርኛዋ ቃል በቃል የሚለቀም ነው። «ሁለተኛ እንዳትመጪ አሉኝ።»

አቶ ሰይፈሥላሴ በአቃቂ ወንዝ ዳር ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ የሰባ ሦስት ዓመት አዛውንት ናቸው። ሃንታ ስምንት ወር ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ከማሳቸው የውሃና የቅጠል ናሙና ወስዳለች። ጥናቷ የሚፈልገው ያልተቋረጠ የአንድ ዓመት ልኬት ነው፤ የነጻ ትምህርት ዕድሏ ደግሞ ሐምሌ ላይ ያበቃል። መካከሉ ከተቆረጠ በሌላ ማሳ እንደ አዲስ የምትጀምርበት ጊዜ የላትም፤ ዲግሪውን ሳትይዝ ወደ አገሯ መመለሷ ነው።

እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነበር፤ ቤቴ ገብቼ ጋደም ማለት ነበር ያማረኝ። ግን «ተነሺ፣ እንሂድ» አልኳት።

ሽማግሌው ከቆርቆሮ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን።

«አማላጅ ይዛ መጣች!» አሉ። «ፈቀደ፣ አንተስ ጡረታ ወጥተህም አላርፍ አልክ?»

«የሚያሳርፈኝ ባገኝ ምን ከፋኝ፣ ጋሽ ሰይፉ። ልጅቷ ምን አጠፋች?»

«ምን አላጠፋች! ቆስጣ የምትወስድልኝ ነጋዴዋ ሳፊያ ትናንት ምን አለችኝ? ‹ይቺ ቻይና በጠርሙስ የምትመላለሰው ቆስጣው ምን ቢኖርበት ነው?› ቻይና አይደለችም ብላት ምን ይረባኛል? አሁን ጾም ነው፤ ዓመቱን የምኖረው በዚህ ሁለት ወር ሽያጭ ነው። ወሬው ገበያ ከገባ አለቀልኝ። ደግሞስ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሐኪም ቤት ተመርምሬ አላውቅም፤ ቆስጣዬ ግን በየሁለት ሳምንቱ ይመረመራል!»

ሃንታ ልትስቅ ብላ ተወችው።

«በአገሯ ወንዝ የለም?» ብለው ቀጠሉ። «ባሕር ተሻግራ የእኛን እድፍ ልትለካ ነው የመጣችው?»

«አለ፣ ጋሼ» አለች። «ተራራው ደን አጥቷል። ዝናብ ሲዘንብ አፈሩ ወንዝ ይገባል፣ ሩዛችንን ይደፍነዋል። ወንዙ መታመሙን በዓይኔ አያለሁ። ሕመሙ ከየት ይጀምራል፣ ምን ያህል ነው? ይህን አላውቅም ነበር። ጥሩ መምህራን አሉን፤ የእኛ ትምህርት ክፍል መለኪያ መሣሪያ ግን ተበላሽቶ ሁለት ዓመት ቆመ። እዚህ የተማርኩትን እዚያ እሠራበታለሁ።»

«ትሠሪበታለሽ!» አሉና ከትከት ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም። «ልጄ ተስፋሚካኤልም ለሁለት ዓመት ብሎ ነበር ለትምህርት የወጣው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ። የተማረ መቼ ይመለሳል?»

«ሲሄድ፣ እዚህ የሚጠብቀው ሥራ ነበረው?» አልኳቸው።

«አልነበረውም።»

«እሷን የሚጠብቃት አለ። ደን ጥበቃ ቢሮ ውስጥ ወንበሯን ይዘውላታል። እኔም በወጣትነቴ ውጭ ተምሬ ተመልሻለሁ፤ የጠበቀኝ ላቦራቶሪ ግን መብራት እንጂ ኬሚካል አልነበረውም። የስንቱን ዓመት ሪፖርት አቧራ በላው። ተማሪ መደገፍ ማለት ትኬት ቆርጦ መሸኘት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሚያስተምራት፣ በሩን የሚከፍትላት፣ ስትመለስ የሚያሠራት ከሌለ ትኬቱ ከንቱ ነው። ከእነዚህ የእርስዎ ድርሻ በሩ ነው።»

«የእኔ ድርሻ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ስምንት ወር ሙሉ ወሰደች። አንድ ቀን ‹ጋሼ፣ ይሄን አገኘሁ› ብላኝ ታውቃለች? ሌባ እንኳ ምን እንደወሰደ ያስታውቃል!»

እዚህ ላይ እውነት ነበራቸው። ይህ የእኛ የተመራማሪዎች የቆየ ጥፋት ነው፤ ከገበሬው ወስደን ለመደርደሪያ እንሰጣለን።

«ጥናቱ ሳያልቅ መናገር ትክክል አልመሰለኝም» አለች ሃንታ አንገቷን ደፍታ። «አሁን ግን ልንገርዎት።» ደብተሯን ገለጠች። «ከማሳው ላይ የቆረጥኩት ቅጠል ይህ ነው። ታጥቦ ከታሰረ በኋላ የወሰድኩት ደግሞ ይህ። አሥራ ስድስት ጊዜ ለካሁ። አሥራ አምስት ጊዜ የታጠበው የበለጠ ጀርም አለው። አንድ ቀን እኩል ሆኑ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው ቁጥሮቹን በጣታቸው ተከተሉ። ማሳቸውን የሚያጠጡት ከቆፈሩት ጉድጓድ ነው፤ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ግን ቆስጣው እንዲያበራ ወንዝ አውርደው ያጥቡታል። አባታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

«ሳጥበው ነው የማቆሽሸው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የጉድጓዱስ ውሃ?»

«ንጹሕ ነው አልልም። ከወንዙ ግን በብዙ ይሻላል።»

መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱና «ጠርሙስሽን አምጪ» አሏት። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ያገኘሽውን ለእኔ ሳትነግሪ ከዚህ በር አትወጪም።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ልብ በል። ሃንታ ዓመቷን ትሞላለች፤ ዘዴውን ይዛ አገሯ ትገባለች፤ የእሷ ገበሬዎችም አፈራቸው ከየት እንደሚሸሽ ያውቃሉ። አቶ ሰይፈሥላሴ ደግሞ በጉድጓዱ ውሃ እያጠቡ ከድሮው በብዙ የጸዳ ቆስጣ ይሸጣሉ፤ ሳፊያ ስትጠይቅም የሚመልሱት አላቸው። ድካም ግን አይቀርም፤ በሰባ ሦስት ዓመት ዕድሜ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ በርሜል መሙላት ቀላል አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንሄድ ቆስጣው ሁሉ በበርሜል ውሃ ታጥቦ ተደርድሯል። ሃንታ ግን አንድ እስር ብቻ እንደ ድሮው ወንዝ እንዲታጠብላት ለመነች፤ ሁለቱ ካልተነጻጸሩ ልኬቱ ጎዶሎ ነው። ሽማግሌው ትከሻቸውን እያሹ እስሩን ይዘው ወረዱ። ወንዙ ዳር አራት ጎረቤቶቻቸው ጎንበስ ብለው የየራሳቸውን ቆስጣ ያጥባሉ።

«ይሄ ለሽያጭ አይደለም!» ብለው ጮኹባቸው፣ እስሩን ወደ ላይ አንሥተው። «ለትምህርት ነው! ሲያልቅ ይጣላል፤ ከብት እንኳ አይበላውም!»

አራቱም ቀና ብለው እሳቸውን አዩ፤ ከዚያም በእጃቸው ያለውን ቆስጣ።