እባብ የለበሰው ብርድ ልብስ

ነይ እዚህ እሳቱ አጠገብ ተቀመጪ፣ ጆርጂና። የእሳት አደጋ ጣቢያው ሰዎች ዛሬም ለተጠለልነው ሾርባው ላይ ዓሣ አልሰሰቱም። እናንተ ዘንድ መብራት መጣ? እኛ ሰፈር ገና ነው። ዝናቡ ሽቦው ላይ በረዶ ሆኖ ሲከብድ፣ ምሰሶው እንደ ክብሪት እንጨት ነው የተቀነጠሰው...

በብርድ ጊዜ ግን የሰው ደግነት ይወጣል። አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ስሙ ማን ነበር... ቤቱ ውስጥ እባብ ያሳድጋል። እባቡ የሚሞቀው በአምፖል ነው። መብራቱ ሲጠፋ የመስታወት ሳጥኑን ብድግ አድርጎ ወጥ ቤት፣ ከእንጨት ምድጃው ጎን አኖረው። ለእንስሳ እንዲህ የሚራራ ዛሬ ስንት አለ? እናቱ፣ ለምሳሌ እንደኛዋ ቬርና ያለች አሮጊት በያት፣ እባብ ትፈራለችና ወጥ ቤት አልገባም ብላ እሳት የሌለበት ፎቅ ላይ ቀረች። እሱ ምን ያድርግ? አላባረራት። መፍራቷ የሱ ጥፋት ነው?

በዚህ የባሕር ጠረፍ መብራት ሲጠፋ፣ ምድጃ ያለው ቤት በሩን አይቆልፍም። እሱ ቆለፈ። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር እባቡን ነፋስ ይመታዋላ። እኔም እናትየውን ልጠይቅ ሄጄ ባንኳኳ፣ ከውስጥ ሆኖ፣ “ሙቀቱ ይወጣል፣ በኋላ ይመለሱ” አለኝ። አንቱ ብሎ ነው እኮ። በኋላ ስመለስ አምቡላንሱ ቀድሞኝ ነበር።

ከተዋደዱ አንድ ቁርበት ያስተኛል ይባላል... ብርድ ልብስ ግን አንድ ከሆነ መምረጥ ግድ ነው። እሷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋችውን፣ ከላይዋ አንስቶ ለእባቡ ጠቀለለለት። እኔ እንግዲህ ሥራ ፈት፣ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው የምውለው። ብርድ ልብስ የሚያሞቀው የራሱ ሙቀት ያለውን ነው ይላል። እባብ የለውም፤ የምድጃውንም ወላፈን ነው የጋረደበት። ጠቅልሎ ጠቅልሎ... በብርድ አድርቆ ገደለው። ከፍቅር ብዛት ነው።

ቬርናማ ብርዱ ሳንባዋን ቢመታትም ተረፈች። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ “እባቡ ደህና ነው?” ብላ ነው አሉ። የእባብ ልጅ እባብ ይላሉ... የሷ ምኗ እባብ ነው? እንጃ፣ ከየት እንደመጣ።

ጮክ ብዬ አወራሁ እንዴ? ጆሮዬ ደክሞ ነው። ለሾርባ የተሰለፈው ሁሉ ዞሮ አየን... አንዱማ ጭልፋውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ይቅዳ እንጂ፣ ይቀዘቅዝበታል።

ነገ ሞንክተን ድረስ ነድተሽ ከሆስፒታል የምታመጫት አንቺ አይደለሽ? ወደዚያ ቤት እንዳትወስጃት። ሐዘን የገባበት ቤት ነው፣ ሰውየው አይረበሽ። በቀጥታ ወደ እኔ፤ አልጋዋን ከምድጃው ፊት ዘርግቻለሁ፣ እስክትድንም ሆነ ከዳነች በኋላ የትም አትሄድም።

እሱንም እግዜር ያጽናው። መቼም ደግ ነው፣ ዘሩ ይብዛ። አርጅቶ አልጋ ላይ የዋለ ቀን፣ ልክ እንደ እሱ ያለ ልጅ ከራስጌው አይለየው።